ጉሙ ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሥነ ሕንጻ ተማሪ ነኝ። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ጀርባውን የሰጠን ሰውዬ ያለበትን ሥዕል ስልኬ ላይ ካደረግኩት ቆየሁ። ሠዓሊው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪሽ እንደሚባል ሳውቅ ሌሎች ሥራዎቹንም ፈልጌ አየሁ። ደረቅ ዛፍ፣ ጥድ፣ ጨረቃ፣ መርከብ፣ የፈረሰ ገዳም፣ መስቀል፤ ደጋግሞ እነዚህን ነው የሚሥለው። አንድ ቦታ ላይ «ጥድ ተስፋ ነው፣ ኦክ ዛፍ ጣዖት አምልኮ ነው፣ ጨረቃ ክርስቶስ ነው» የሚል ዝርዝር አነበብኩ። እውነት ነው? ሰሙን አይቼዋለሁ፣ ወርቁን ይንገሩኝ። ጉሙስ ምንድን ነው? ሰውየውስ ማን ነው?

ምላሽ፦ ያነበብሽውን ዝርዝር አውቀዋለሁ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ደብተሬ ላይ ገልብጬው ነበር። ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1973 ሄልሙት ቦርሽ ዙፓን የተባለ ጀርመናዊ ምሁር ከባልደረባው ከካርል ቪልሄልም ዬኒግ ጋር ሆኖ የፍሪድሪሽን ሥራዎች አንድ በአንድ መዝግቦ ትልቅ ጥራዝ አወጣ። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እዚያ ውስጥ ዐለቱ እምነት ነው። መርከቡ ወደ ሞት የሚሻገር ሕይወት ነው። ሩቁ ተራራ የወዲያኛው ዓለም ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ፍሪድሪሽ የሚጽፍ ሰው ይህን ጥራዝ ሳይገልጥ አይጀምርም። ብዙዎቹ ግን የሚገልጡት ሊከራከሩት ነው። እኔም ከተከራካሪዎቹ ወገን ነኝ። ሆኖም ዝርዝሩን ከመጣልሽ በፊት የት ላይ እንደሚሠራ ላሳይሽ።

በ1808 የገና ሰሞን ፍሪድሪሽ ጀርመን አገር ድሬስደን ከተማ ውስጥ ያለውን የሥራ ክፍሉን ለተመልካች ከፈተ። መስኮቱን በከፊል ጋረደ። ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ጨርቅ አልብሶ አንድ ሥዕል አቆመበት። ክፍሉ ጸሎት ቤት መሰለ። ሥዕሉ ላይ ያለው አንድ ተራራ ነው። አናቱ ላይ ጥዶች አሉ፤ በጥዶቹ መሀል ቀጭን መስቀል ቆሟል። ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ እየጠለቀች ጨረሯን ወደ ላይ ትለቃለች። የተሰቀለው ክርስቶስ ፊቱን ወደ ፀሐይዋ ስላዞረ እኛ በደንብ አናየውም። በወርቅ የተለበጠው ክፈፍ ላይ የስንዴ ዛላ፣ የወይን ዘለላ፣ የመላእክት ፊትና በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለች ዐይን ተቀርጸዋል።

ባዚሊየስ ፎን ራምዶር የሚባል ተቺ ወዲያው በ1809 መጀመሪያ ጋዜጣ ላይ ወረደበት። የመልክዓ ምድር ሥዕል ሾልኮ ቤተ ክርስቲያን ሊገባ፣ አልፎም መንበር ላይ ሊወጣ መፈለጉ ድፍረት ነው አለ። ንዴቱ እንዲገባሽ የጊዜውን ደረጃ ማወቅ አለብሽ። በአውሮፓ የሥዕል ትምህርት ቤቶች ከላይ የሚቀመጠው የቅዱሳት መጻሕፍትና የታሪክ ሥዕል ነበር። ተራራና ዛፍ የሚሥል ሰው ከታች ነው ቦታው። ፍሪድሪሽ ያን ቅደም ተከተል ነው የገለበጠው። የስቅለትን ታሪክ የሚናገሩት ሰዎች አይደሉም፤ ጥዱና ዐለቱ ናቸው።

ፍሪድሪሽ ስለ ሥዕሎቹ ማብራራት የማይወድ ሰው ነበር። ያኔ ግን ተገደደና ጻፈ። መስቀሉ የቆመበት ዐለት በክርስቶስ ላይ ያለን እምነት ነው፣ እንደዚያ ጽኑ ነው አለ። ዓመቱን ሙሉ የሚለመልሙት ጥዶች ሰዎች በተሰቀለው ላይ ያላቸው ተስፋ ናቸው አለ። የምትጠልቀው ፀሐይም እግዚአብሔር አብ በምድር ላይ በቀጥታ ይገለጥ የነበረበት የድሮው ዘመን ማለፉ ነው። ስለዚህ ጥዱን በተመለከተ ዝርዝርሽ ልክ ነው። ሠዓሊው በራሱ እጅ ጽፎልሻል። ለዚህ ሥዕል።

(የሥዕሉ መጨረሻ ግን ያስቃል። መንበር ላይ ሊወጣ ነው ተብሎ ያ ሁሉ ቀለም የፈሰሰበት ሥዕል የገዙት ባለ ርስቶች ቤተ መንግሥት ውስጥ ገባና የሚስትየው መኝታ ክፍል ውስጥ ተሰቀለ። አሁን ድሬስደን ሙዚየም ነው ያለው።)

ይህ አስተሳሰብ ከየት መጣ? ፍሪድሪሽ የተወለደው በ1774 ግራይፍስቫልድ በምትባል የባልቲክ ባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። አባቱ ሻማና ሳሙና ይሠሩ ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ሩገን የሚባል ደሴት አለ። በደሴቱ ላይ ኮዘጋርተን የሚባሉ ቄስና ባለ ቅኔ ነበሩ። ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ በሚመጣበት ወቅት ዓሣ አጥማጆቹ ሥራ ጥለው ቤተ ክርስቲያን መሄድ አይችሉም። ስለዚህ ቄሱ ራሳቸው ወደ ባሕሩ ይወርዱና ዳርቻው ላይ ቆመው ይሰብካሉ። ሰማዩ ጣሪያ፣ ማዕበሉ ዝማሬ ይሆናል። «ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ» የሚለውን መዝሙር በቃላችን ይዘን ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ፍሪድሪሽ በዚያ ደሴት ላይ ብዙ ጊዜ ተመላልሶ ንድፍ አንሥቷል። ቄሱም ሥራዎቹን ከገዙት ሰዎች አንዱ ናቸው።

አሁን ዝርዝሩ የማይሠራበት ቦታ እንሂድ።

«መነኩሴው ከባሕሩ ዳር» የሚባለውን ሥዕል ፈልጊና አውጪው። በ1808 እና በ1810 መካከል የተሠራ ነው፤ በርሊን ነው ያለው። ስፋቱ 171 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 110 ነው። ከታች ነጣ ያለ ጠባብ አሸዋ አለ። ከሱ በላይ እንደ ጥቁር መቀነት የሆነ ባሕር። ከዚያ በኋላ ሰማይ ብቻ ነው፤ ከሸራው ሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ሰማይ ነው። በዚህ ሁሉ መሀል አንዲት የጣት ጫፍ የምታህል ሰው ቆማለች። ዛፍ የለም። መስቀል የለም። ጥድ የለም። ዝርዝሩን ይዘሽ ብትመጪ የምታመሳክሪው ነገር የለም።

የዘመኑ ሰዎችም ግራ ገባቸው። የሠዓሊው የኩገልገን ሚስት ሥራ ክፍሉ ሄደው አይተውት ነበርና ለጓደኛቸው ምሬታቸውን ጻፉ። ፀሐይ የለ፣ ጨረቃ የለ፣ ማዕበል የለ። ማዕበል ቢኖር እንኳ መጽናኛ ይሆነኝ ነበር አሉ። ባሕሩ ላይ ጀልባ የለም፤ የባሕር አውሬ እንኳ የለም። እኝህን ሴትዮ እወዳቸዋለሁ። ባለሙያ ነን ከሚሉት ብዙዎች የተሻለ አይተዋል። ሥዕሉ ውስጥ ያለው ዋናው ነገር የሌለው ነገር መሆኑን ነው የተናገሩት። በ1810 ሥዕሉ በርሊን ለሕዝብ ሲታይ ደራሲው ክላይስት ደግሞ ሲያዩት የዐይን ቆብ ተቆርጦ የተጣለ ያህል ነው ብሎ ጻፈ። መጨፈን አትችዪም ማለቱ ነው። የፕሩሺያ ንጉሥ ግን ገዛው። አልጋ ወራሹ ነው አሉ የወተወተው፤ ያኔ የ15 ዓመት ልጅ ነበር።

ኋላ ላይ ሥዕሉ በልዩ ጨረር ሲመረመር ከቀለሙ ሥር መርከቦች ተገኙ። ፍሪድሪሽ መጀመሪያ አስገብቷቸው ነበር፤ ቆይቶ አጠፋቸው። እስቲ ይህን እንደ ሕንጻ ተማሪ አስቢው። መርከብ ሕይወት ነው፣ ጉዞ ነው የሚለውን ትርጉም ሠዓሊው ከማንም በላይ ያውቀዋል። እጁ ላይ ነበር። ትርጉም መጨመር ብቻ ቢሆን ሐሳቡ መርከቦቹን አያነሣቸውም። የፈለገው ተመልካቹ የሚጨብጠው ነገር እንዲያጣ ነው።

ሰምና ወርቅ ስላነሣሽ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ቅኔ ውስጥ ሰሙን ፈትተሽ ወርቁን ስታገኚ «ይበል!» ትያለሽ፣ አለቀ። ሰሙ ሥራውን ጨርሷል። የፍሪድሪሽ ሰም ግን አይቀልጥም። ጥዱ ተስፋ ነው ካልሽ በኋላም ጥዱ ጥድ ሆኖ እዚያው ቆሞ ይጠብቅሻል። ቅርፊቱ፣ ቅርንጫፉ፣ የበረዶው ክብደት ሳይቀር። ይህ ሰው ዛፎቹን ከልቡ አልፈጠራቸውም። ደጅ ወጥቶ፣ ቀን መዝግቦ፣ አንዷን ዛፍ ለብቻዋ ነው የሚነድፋት። ከዓመታት በኋላ ያቺኑ ዛፍ ሌላ ሥዕል ውስጥ ሌላ ሥራ ይሰጣታል።

መዝገበ ቃላት የማይወድ ሰው መሆኑን የሚያሳይ ሌላም ታሪክ አለ። በ1816 ታላቁ ባለ ቅኔ ጎተ አንድ ነገር አስጠየቀው። ሉክ ሃዋርድ የተባለው እንግሊዛዊ ደመናን በዓይነት በዓይነት ከፍሎ ስም አውጥቶለት ነበር። ዛሬም የሜትሮሎጂ ሰዎች የሚጠቀሙበት ኩሙለስ፣ ስትራተስ፣ ሲረስ የሚባለው ነው። ጎተ በዚያ ክፍፍል መሠረት የደመና ሥዕል እንዲሠራለት ፈለገ። ጎተ ማለት ደግሞ በጀርመን ምድር እምቢ የማይባል ሰው ነው። ፍሪድሪሽ እምቢ አለ። ነፃ የሆነውን ደመና በሥርዓት መደርደር የመልክዓ ምድርን ሥዕል ከመሠረቱ መናድ ነው ብሎ አሰበ።

ኦክ ዛፍንም እንየው። በ«ገዳሙ በኦክ ጫካ» ሥዕል ላይ ቅጠላቸውን ያራገፉ ኦኮች እንደ አጥንት ቆመዋል። በመካከላቸው የፈረሰ የገዳም ግድግዳ አለ፤ ከትውልድ ከተማው አጠገብ ያለው የኤልዴና ፍርስራሽ ነው። መነኮሳት ሬሳ ተሸክመው በበሩ ይገባሉ። እዚያ ላይ ኦኩን ያለፈ እምነት ነው ብትዪ ያስኬዳል። በ1822 የሠራው «ብቸኛው ዛፍ» ላይ ግን ያው ኦክ ሜዳ መሀል ቆሟል። ጫፉ ደርቋል፤ ወገቡ ግን ለምልሟል። ሥሩ ላይ አንድ እረኛ ግንዱን ተደግፎ በጎቹን ያያል። ይህን ጣዖት አምልኮ ልትዪው ነው? መጠለያ ነው፣ ጽናት ነው፣ ከፈለግሽ ጀርመን ነው። ለነገሩ በአንዳንድ ትርጉሞች ኦክ የተባለውን የመምሬን ዛፍ የኛ መጽሐፍ ቅዱስ «የአድባር ዛፍ» ነው የሚለው። አድባር ካልሽ ደግሞ ጥላም አለበት፣ ሽማግሌም አለበት፣ የድሮ አምልኮም አለበት። አንዱን መርጠሽ ሌላውን መጣል አትችዪም። የፍሪድሪሽ ኦክም እንደዚያ ነው።

እንግዲህ የኔ ምክር ይህ ነው። ዕቃውን ከማንበብሽ በፊት ቦታውን አንብቢ። ቅርብ ነው ሩቅ? ጨለማ ውስጥ ነው ብርሃን ውስጥ? ከሁሉም በላይ፣ ከቅርቡ ወደ ሩቁ የሚወስድ መንገድ አለ ወይ? ከሱ በፊት የነበሩት የመልክዓ ምድር ሠዓሊዎች ዐይንሽን እጅሽን ይዘው ነው የሚያስገቡት። ከፊት ዛፍ፣ ከዚያ ወንዝ፣ ከዚያ ድልድይ፣ ከዚያ ከተማ፣ ከዚያ ተራራ። ፍሪድሪሽ መካከለኛውን ቦታ ይቆርጠዋል። የቆምሽበት መሬት ጥቁርና የሚዳሰስ ነው። ሩቁ ብርሃን ነው። በመካከላቸው ግን ጉም፣ ባሕር፣ ገደል፣ ወይም ባዶ ነው። የሱ ተምሳሌት ዋናው ቦታ እዚህ ነው እላለሁ። ከዛፉ ይልቅ ክፍተቱ ነው የሚናገረው።

አሁን ስልክሽ ላይ ያለውን ሥዕል ክፈቺው። «ከጉም ባሕር በላይ ያለው መንገደኛ»፣ 1818 አካባቢ። ሃምቡርግ ሙዚየም ሄደሽ ስታዪው መጀመሪያ የሚገርምሽ ማነሱ ነው፤ ቁመቱ አንድ ሜትር አይሞላም። ቦታውን ፍለጋ ብትሄጂ አታገኚውም። ከድሬስደን ደቡብ ምሥራቅ ባሉት የአሸዋ ድንጋይ ተራሮች በተለያየ ጊዜ ያነሣቸውን ንድፎች ነው አንድ ላይ የገጣጠማቸው። ሰውየው የቆመበትን ዐለት በ1813 ነድፎታል። ዐለቱ ከሥዕሉ ሌላው ክፍል ጋር የሚገናኝበት ቦታ የለም። ግራና ቀኝ ያሉት የተራራ ተዳፋቶች ደግሞ ወደ ሰውየው ደረት ይወርዳሉ። በማስመሪያ ሞክሪው፣ ትወጂዋለሽ።

ስለ ጉም ራሱ ምን አለ? ደግነቱ አንድ ቃል ትቶልናል። በጉም የተሸፈነ አገር ከሆነው በላይ ትልቅና ግሩም ይመስላል፣ ምናብን ያነቃቃል፣ ጉጉትንም ያስጨምራል ብሏል። ሻሽ እንደ ተከናነበች ልጃገረድ ነው ብሎም መስሎታል። ስለዚህ ጉሙ አንድን ነገር አይወክልም፤ ይሸፍናል። የሚሸፍነውን ደግሞ አንቺ ነሽ የምትሞዪው።

ጀርባውን መስጠቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ለኛ ዐይን ይህ ከባድ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ፊት ነው። ጻድቁ በሁለት ዐይኑ ያይሻል፤ ኃጢአተኛውና ጋኔኑ ግን በአንድ ጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላል። ያ እውነተኛ ዝርዝር ነው፣ ሠዓሊውም ምእመኑም ተስማምተውበታል። ፍሪድሪሽ እንዲህ ያለ ስምምነት የለውም። ፊቱን ከለከለሽ። ተገርሟል? ፈርቷል? ኮርቷል? ያለሽ ኮትና በነፋስ የተበተነ ፀጉር ብቻ ነው። እስቲ ሰውየውን በአውራ ጣትሽ ሸፍኚው። የሚቀረው ጥሩ የተራራ ሥዕል ነው፤ አንቺም ጥሩ ነው ብለሽ ታልፊዋለሽ። ጣትሽን አንሺው። አሁን ጉሙን የምታዪው በሱ በኩል ነው፣ ግን እሱ ራሱ መሀሉን ከልሎብሻል። ዛሬ ይህን ሥዕል የራስን ሕይወት ስለማሸነፍ የሚናገር ማስታወቂያ ሁሉ ይለጥፈዋል። እኔ ድል አይታየኝም። መንገዱ ያለቀበት ሰው ነው የሚታየኝ። ሌላ እርምጃ የለውም።

ማን ነው ላልሽው፣ ሠዓሊው ስሙን አልነገረንም። የለበሰው አረንጓዴ ኮት በ1813 ናፖሊዮንን ለመውጋት የዘመቱት ፈቃደኛ ጓዶች ልብስ ነው የሚሉ አሉ። ከሆነ ሥዕሉ ምናልባት የሞተ ሰው መታሰቢያ ነው። ግምት ነው፣ ግን ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ በፍሪድሪሽ ሥራ ልብስ ይናገራል። በ1819 በሠራው «ጨረቃን የሚያዩ ሁለት ሰዎች» ላይ ሰዎቹ የለበሱት የድሮ የጀርመን ልብስ ነው። ተማሪዎችና ለውጥ ፈላጊዎች የሚለብሱት ነበር። በዚያው ዓመት መንግሥታቱ እነዚህን ሰዎች ማሳደድ ጀመሩ። አንድ እንግዳ ሥዕሉን ሲያይ ፍሪድሪሽ «እነዚህ ሕዝብ የማነሣሣት ሴራ እየዶለቱ ነው» ብሎ ቀለደ። የመንግሥትን ቋንቋ መኮረጁ ነው። ዝርዝርሽ ጨረቃዋን ክርስቶስ ብሎ አልፏል፤ ኮቱን ግን አላየውም።

ከሕይወት ታሪኩ ጋር ማገናኘትም ይፈትናል። በ1787 ወንድሙ በረዶ ተሰብሮበት ሰጥሞ ሞተ። እሱን ለማዳን ሲል ነው ይባላል። ከዚያ በ1824 ያለቀውን «የበረዶ ባሕር» ስታዪ፣ ያ የተቆለለ የበረዶ ስባሪ፣ በስተቀኝ ተጨፍልቃ የምትታየዋ መርከብ፣ ወዲያው «ወንድሙ ነው» ማለት ያምርሻል። እኔ እቆጠባለሁ። በረዶውን የሣለው የኤልበ ወንዝ በ1820 እና 1821 ክረምት በረዶ ሲሠራ ወጥቶ አጥንቶ ነው። የዋልታ አሳሾች ወሬም በየጋዜጣው ነበር። ሐዘኑ የለበትም አልልም። ግን ሐዘን ብቻውን እንዲህ ያለ ቅርጽ አይሠራም። ሥዕሉን እስኪሞት ድረስ የገዛው ሰው አልነበረም።

ሌሎቹ የዘመኑ ሠዓሊዎች ተመሳሳይ ትርጉም ይጠቀማሉ ብለሽ ግን አትጠብቂ። የእንግሊዙ ተርነር ፀሐይና ባሕር ውስጥ መስቀል አይፈልግም፤ ኃይል ነው የሚፈልገው። ኮንስታብል ደመናን ሲሥል ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ከጀርባው ይጽፋል። አሜሪካዊው ቶማስ ኮል መብረቅ የመታውን ዛፍ ከታረሰ መሬት ጋር አፋጥጦ የአገሩን ጥያቄ ያነሣበታል። አንድ ተፈጥሮ፣ የተለያየ ሠዓሊ፣ የተለያየ ጉዳይ።

በመጨረሻ አንድ ሥራ ልስጥሽ። ፍሪድሪሽ በ1832 አካባቢ የሠራውን «ትልቁ ግቢ» የሚባል ሥዕል ፈልጊ። ድሬስደን አጠገብ፣ የኤልበ ውኃ የሸሸበት ረግረግ ነው። ጊዜው ምሽት፣ ሰማዩ ቢጫ ነው። መስቀል የለም፣ ፍርስራሽ የለም፣ ጀርባውን የሰጠ ሰው የለም። አንዲት ባለ ሸራ ጀልባ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ አለች። መሬቱ ደግሞ መሀሉ ላይ እንደ ኳስ ያበጠ ይመስላል፤ ለምን እንደሆነ የሕንጻ ተማሪ ዐይን ቶሎ ይደርስበታል። ዝርዝርሽን ይዘሽ ግቢና ያገኘሽውን ጻፊልኝ።